የወታደር ተሳቢ ስታድሱ ከሥሯ ጀምሩ

ከወታደር ቤት የወጣች አሮጌ ተሳቢ ልትገዙ ካሰባችሁ ቀለሟን ለጊዜው እርሱት። ጆንያ አንጥፉ፣ የእጅ ባትሪ ያዙ፣ ከሥሯ ገብታችሁ ተኙ። ገንዘብ የሚበላውም ሰው የሚጎዳውም ነገር ያለው እዚያ ነው። ጎኗ ላይ ያለ ዝገት ቢያሳፍር እንጂ አይገድልም። የተበላ ኩሺኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት ቤሪንግ) ግን አዘዞ ሳትደርሱ ጎማችሁ ቀድሟችሁ እንዲሄድ ያደርጋል።

እኔ የምኖረው ጎንደር፣ ሳሙና በር አካባቢ ነው። መካኒክ አይደለሁም። አሮጌ ሃይሉክስ አለችኝ፤ በእሷ ውኃ አመላልሳለሁ፣ መኸር ሲደርስ ደግሞ ከደምቢያ ነጭ ሽንኩርትና ጭድ አመጣለሁ። የጎንደርን የውኃ ነገር ለጎንደር ሰው አላወራም። ቧንቧው በፈረቃ ነው፣ ፈረቃውም አንዳንዴ ይዘላችኋል። ተሳቢዋን የገዛሁት ለዚሁ ነው። ከታደሰች ወዲህ ያያት ሁሉ "ስንት ፈጀችብህ? ማን ሠራልህ?" ይለኛል። ዋጋ አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት ሁለት ወር ሳይሞላው ያስቅብኛል። የት ላይ ገንዘብ እንደሚወጣና የት ላይ እንደሚቆጠብ ግን እነግራችኋለሁ።

የያዛችሁት ምንድነው?

እኛ አገር ቆማ የምታገኟት የወታደር ተሳቢ ባብዛኛው ወይ አሜሪካ ሠራሽ ናት ወይ ሩሲያ ሠራሽ። ከአሜሪካ ጋር የወታደራዊ እርዳታ ስምምነት የተፈረመው በ1945 ዓ.ም. ነው። በ1969 ደግሞ ደርግ ከአሜሪካ ተቆራርጦ ወደ ሶቭየት ኅብረት ዞረ። የሁለቱም ዘመን ዕቃ ዛሬም እዚህም እዚያም ቆሞ ይታያል።

ትንሿ የአሜሪካ ጂፕ ተሳቢ ኤም-416 ትባላለች። ባዶዋን ወደ 260 ኪሎ ትመዝናለች። የተሠራችው ከመንገድ ውጭ ሩብ ቶን፣ ማለትም 227 ኪሎ ያህል እንድትጭን ነው። ውኃ እንዳይገባት ተደርጋ ስለተሠራች ወለሏ ላይ ማፍሰሻ ውታፎች አሏት። ከእሷ ከፍ የምትለው ኤም-101 ናት፤ ጭነቷ ሦስት አራተኛ ቶን፣ ወደ 680 ኪሎ። ባዶዋን ብቻ 600 ኪሎ ገደማ ትሆናለች። የእኔ ይቺኛዋ ናት። ከሩሲያ ወገን ለጋዝ-69 ጂፕ የተሠራችው ጋዝ-704 አለች፤ 500 ኪሎ ትጭናለች። አንድ ቶን ተኩል የምትጭነው ኤም-105 ከገጠመቻችሁ እለፏት። ፍሬኗ ከጭነት መኪና በሚመጣ አየር የሚሠራ ነው፤ ለፒካፕ አትሆንም።

ዓይነቷ የተጻፈበት የብረት ሰሌዳ ብዙ ጊዜ ተነቅሏል። ያኔ ብሎኑን ጠይቁት። የ13 ቁልፍ ዳዶው ላይ ከተንገዋለለ፣ የ12 ደግሞ አልገባ ካለ የኢንች ብሎን ነው፤ አሜሪካ ሠራሽ ናት ማለት ነው። በትልልቆቹ ዳዶዎች ላይ የ16፣ የ19 እና የ24 ሚሊ ቁልፎች ያግዟችኋል። ለግማሽ ኢንችና ለ9/16 ግን የኢንች ቁልፍ ተዋሱ። አለዚያ ጠርዙ ይበላና ሥራችሁ ሁሉ ከበያጅ ጋር ይሆናል።

ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት

ወረቀቱ ከብረቱ ይቀድማል። የወታደር ንብረት የነበረ ዕቃ በሕጋዊ ጨረታ መውጣቱን የሚያሳይ ወረቀት ከሌለው በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱት። ተሳቢም ታርጋና ሊብሬ ያስፈልጋታል። የሻሲ ቁጥሩን ራሳችሁ ከብረቱ ላይ አንብቡ፣ ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ፣ ከዚያ መንገድ ትራንስፖርት ሄዳችሁ "ይሄ በስሜ ይዞርልኛል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ "ግዴለም፣ ኋላ ይስተካከላል" ካላችሁ፣ ኋላ የሚስተካከለው የእሱ ኪስ ብቻ ነው።

አሁን ከሥር። መዶሻ ይዛችሁ ሻሲውን ከፊት እስከ ኋላ አንኳኩ። ደህና ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተበላው ድፍን ይላል። ባሌስትራው (ተደራርቦ የታሰረው የብረት ሞላ) ከሻሲው ጋር ከሚታሰርበት ጀርባ ጭቃ ስለሚጠራቀም ዝገት የሚጀምረው እዚያ ነው። ጭቃውን ፍቃችሁ እዩ። ከዚያ ከኋላ ራቅ ብላችሁ ቁሙና ሁለቱ ጎማዎች ቀጥ ብለው መቆማቸውን ተመልከቱ። አክስሏ የጎበጠ ከሆነ ሌላ ፈልጉ። ወለሏ ተቦዳድሶ ቢሆን ግን ደስ ይበላችሁ። ላሜራ የትም ይገኛል፤ ቀዳዳው ደግሞ ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቅማችኋል።

ሞዞና ኩሺኔታ

ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ለዚህ አውሉት። ሞዞ የምንለው ቸርኬው በብሎን የሚታሰርበትን፣ ኩሺኔታዎቹን የያዘውን የመሐል ብረት ነው።

ሜዳ ላይ አቁሟት። የማትነኩት ጎማ ከፊትም ከኋላም ድንጋይ ይደገፍ። የጎማውን ዳዶ ገና መሬት እንዳለች አላሉት። ከዚያ በክሪክ አንሱና ከአክስሉ ሥር ጠንካራ የብረት ማቆሚያ ወይም ወፍራም ግንድ አስገቡ። በክሪክ ብቻ የቆመ ነገር ሥር እጅም እግርም አይገባም። ብሎኬትም አታስደግፉ፤ ሳያስጠነቅቅ ይፈርሳል።

በአሮጌ የወታደር መኪናዎች የግራ ጎማ ብሎን አንዳንዴ የሚፈታው በተቃራኒው ነው። የብሎኑን ጫፍ ጠርጉና እዩት። "ኤል" የምትል የላቲን ፊደል ካለች እንደ ሰዓት አዟዟር አዙራችሁ ፍቱ። ይህን ሳያዩ ቁልፉን በቧንቧ እያስረዘሙ ብሎን የሚሰብሩ ጎረምሶች ሞልተዋል። ዝጎ እንቢ ካለ ናፍታና ያገለገለ ዘይት ቀላቅላችሁ አፍስሱበት፣ ይደር፣ ጧት ዙሪያውን በመዶሻ መታ መታ አድርጉት። ጎማው አየር እንደያዘ ቸርኬው ላይ እሳት አታስጠጉ፤ ይፈነዳል።

የሞዞው ክዳን ሲወጣ የእኔ ምን ይመስል እንደነበር ልንገራችሁ። ግራሶው እንደ ከረመ ሳሙና ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ከኋላ፣ ኦይል ሲል (ግራሶ እንዳይወጣ ውኃም እንዳይገባ የሚያግደው ቀለበት) ሊኖርበት በሚገባው ቦታ፣ የጆንያ ቁራጭ ተጠቅልሎ ገብቷል። ማን እንደጠቀለለው እንጃ፤ ብቻ በደንብ ነው የጠቀለለው። ውኃው በጆንያው በኩል ሲሰርግ ከርሞ ውስጠኛውን ኩሺኔታ ጨርሶታል። ሮለሮቹ ላይ ጥፍሬን ሳስኬድ ይይዘኛል። ሮለሮቹ በሚሄዱበት ሳህን ላይ ደግሞ ቅርጻቸው አንድ በአንድ ታትሟል። ተሳቢዋ ለዓመታት አንድ ቦታ ቆማ ነበርና የዛገው ሮለሮቹ ባረፉበት ልክ ነው። ውጭኛው ኩሺኔታ ግን ንጹሕ ነበር፤ ታጥቦ ተመለሰ።

ዳኝነቱ ከባድ አይደለም። ኩሺኔታውን በናፍታ እጠቡ፣ በጨርቅ አድርቁ፣ ፀሐይ ላይ እያዞራችሁ እዩት። በኮምፕሬሰር አየር እያስጮኻችሁ አታሽከርክሩት፤ ሮለር ተፈናጥሮ ዓይን ያጠፋል። ገጹ ለስላሳና አንድ ዓይነት ከሆነ ይመለስ። ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ፣ ሙቀት የመታው ሰማያዊ ቀለም ወይም ዝገት ካለበት ይቀየር። ሮለሩና ሳህኑ አብረው ነው የሚቀየሩት። አዲስ ሮለር በአሮጌ ሳህን ላይ ማስገባት ገንዘብ መበተን ነው።

ዕቃ ፍለጋ ስትወጡ "የወታደር ተሳቢ ኩሺኔታ አለህ?" አትበሉ። መልሱ "የለም" ነው። ኩሺኔታው ጎን ላይ የተቀረጸውን ቁጥር በጨርቅ ወልውሉ፣ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ ለሻጩ ቁጥሩን ብቻ ስጡት። ሾጣጣ ሮለር ኩሺኔታ በቁጥር የሚሸጥ ዕቃ ነው፤ ያው ቁጥር ለትራክተርም ለጭነት መኪናም ሊያገለግል ይችላል። ቁጥሩ ከጠፋ የውስጡን ስፋት፣ የውጭውን ስፋትና ውፍረቱን በካሊፐር አስለኩ። ለኦይል ሲሉም እንደዚያው። ልኩ ጭራሽ ካልተገኘ ቶርኖ ቤት ቀለበት አስወጥቶ በቅርብ ልክ ማስገጠም ይቻላል። እኛ ከተማ የእጅ ሙያ ከውጭ ከሚመጣ ዕቃ ይረክሳል፤ ይህን ተጠቀሙበት። አሮጌ ኦይል ሲል ግን አትመልሱ።

ግራሶው ለኩሺኔታ የሚሆን ሊቲየም ያለበት ይሁን። መዳፋችሁ ላይ አድርጉና ኩሺኔታውን በሰፊው ጎኑ እየጫናችሁ ግፉት። በሌላው ጎን በሮለሮቹ መሐል ብቅ እስኪል ድረስ፣ ዙሪያውን። ላዩን መቀባት አይቆጠርም። ሞዞውን ደግሞ ጢም አታድርጉት፤ ሲሞቅ ግራሶው መውጫ ሲያጣ ኦይል ሲሉን ገፍቶ ይወጣል።

ሲገጠም፣ ጎማውን በእጃችሁ እያሽከረከራችሁ አክስሉ ጫፍ ላይ ያለውን ዳዶ አጥብቁ። መዞር ሲከብደው ቁሙ። ከዚያ የአንድ ዙር ስድስተኛ ያህል መልሱት። ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ወዝውዙ። ካክ ካክ ካለ ላልቷል፤ በራሱ ቶሎ ከቆመ ጠብቋል። መሐሉን ስታገኙ ቆልፉት። በአንዳንዱ ቁልፉ የሚታጠፍ ፒን ነው፣ በሌላው ጆሮ ያለው ሮንዴላ። የታጠፈ ፒን ተቃንቶ ድጋሚ አይታጠፍም። አዲስ ግዙ፤ ከዚህ የሚረክስ ነገር የለም።

ፍሬን

ኤም-101 ያላት የእጅ ፍሬን ብቻ ነው። ያም ለማቆሚያ እንጂ በጉዞ ላይ አይሠራም። ስለዚህ የፒካፓችሁ ፍሬን የሁለት ሥራ ይሠራል። ጎንደር ደግሞ ሜዳ የሚባል ነገር የላትም። የፒካፑን የፍሬን ሸራ ሳታስዩ ለተሳቢ አንድ ብር አታውጡ። የተሳቢዋን የእጅ ፍሬን ገመድ ፈትታችሁ በናፍታ አፍታቱ፣ ግራሶ አጠጡ። ሙሉ ጭና ዳገት ላይ ስትቆም መያዝ አለበት። ቢይዝም ድንጋዩን አትርሱ።

ጎማ

የኤም-101 ጎማ 9.00-16 ነው። እሱን ፍለጋ ጊዜ አታጥፉ። 7.50-16 በየጎሚስታው አለ፤ የአይሱዙ ኤንፒአር ጎማ ነው። የቸርኬው ስፋት ከፈቀደ ይገባል፤ ጎሚስታው ለክቶ ይንገራችሁ። ተሳቢዋ ትንሽ ዝቅ ትላለች፣ አይጎዳም። ሁለቱም ጎማ አንድ ልክ ይሁን ብቻ።

ያገለገለ ስትገዙ ጥርሱን ብቻ አትዩ። ጎኑ ላይ በእንቁላል ቅርጽ መስመር የተከበበ አራት አኃዝ አለ። 2319 ካለ፣ ጎማው የተሠራው በፈረንጆች 2019 በ23ኛው ሳምንት ነው። በእኛ 2011 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ገደማ መሆኑ ነው። ሻጩ "ገና አዲስ ነው" እያለ ቁጥሩን በጣቱ ከሸፈነው አልፋችሁ ሂዱ።

ባለ ቀለበት ቸርኬ፣ ማለትም ጎማውን የሚይዝ ተነቃይ የብረት ቀለበት ያለው፣ ከሆነ ተጠንቀቁ። ቀለበቱ ከመነካቱ በፊት የካላማዳሪው (የውስጥ ጎማው) ቫልቭ ልብ ወጥቶ አየሩ ሙሉ በሙሉ ይውጣ። ሲነፋም በብረት ቅርጫት ውስጥ ወይም በወፍራም ሰንሰለት ታስሮ ነው፤ ሰውም ፊት ለፊቱ አይቆምም። ቀለበቱ ዝጎ ከተበላ ለቁራሌው ስጡት። ይህ ቀለበት ሲስት ሰው ይገድላል።

ብየዳና መጎተቻ

የተበላ ሻሲ ይበየዳል፤ አበያየዱ ግን ዓይነት አለው። በያጆች መደረቢያውን ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ቆርጠው ዙሪያውን ይዘጉታል። ሻሲውን ከላይ ወደ ታች አቋርጦ የሚወርድ የብየዳ መስመር ግን ኋላ የሚሰነጠቅበት መስመር ነው። መደረቢያው ጫፉ ሰያፍ ይቆረጥ፣ ብየዳው በሻሲው ርዝመት ይሂድ። የእኔ በያጅ መጀመሪያ ሳቀብኝ። "ጋሼ፣ እንደዚህ ይሁንልኝ" ብዬ በጠመኔ ሣልኩለት። አየት አደረገና "እንዲያማ ከሆነ ኤሌክትሮድ ትጨምራለህ" አለኝ። ጨመርኩ።

የመጎተቻው ቀለበት ውስጡ 76 ሚሊ ስፋት አለው፤ ከፒካፕ የመጎተቻ ኳስ ጋር አይገጥምም። አንዳንዱ ቀለበቱን ቆርጦ ለ50 ሚሊ ኳስ የሚሆን መያዣ ይበይዳል። እኔ አልመክርም። ቀለበትና መንጋጋ ያለው ጋንቾ ለወጣ ገባ መንገድ የተሠራ ነው፤ ወደ ቆላ ድባ የሚያስገባውን የገበሬ መንገድ የሚያውቅ ይረዳኛል። ጋንቾውን ፒካፑ ላይ አስገጥሙ፣ ያውም ከፓራውልቱ ጋር ሳይሆን ከሻሲው ጋር፣ በወፍራም ብረት መደገፊያ፣ በብሎን። ቀለበቱ በልቶ ከሳሳ በብየዳ አታስሞሉት። ተቀጥቅጦ የተሠራ ብረት ነው፤ በያጅ ሲነካው ይሰባበራል። ዳዶውን ፈትታችሁ ሙሉውን ለውጡ።

ሁለት ሰንሰለት ግዴታ ነው። ከመጎተቻው ሥር ተጠላልፈው ይታሰሩ። ጋንቾው ቢለቅ መጎተቻው አስፋልት ላይ ከመተከል ይልቅ ሰንሰለቱ ላይ ያርፋል።

መብራት

አሜሪካ ሠራሿ በ24 ቮልት የምትሠራ ናት፣ ፒካፓችሁ 12 ነው። የድሮው አምፖል ደብዝዞ ይበራል፣ ወይም አይበራም። በአይሱዙ የምትጎትቱ ከሆነ አይሱዙም 24 ስለሆነ ችግር የለም። ለፒካፕ አምፖሉን ቀይሩ። ከዚህ የሚሻለው ግን ርካሽ የኤልኢዲ የኋላ መብራት ጥንድ ገዝቶ አሮጌውን ሽቦ በሙሉ መንቀል ነው። ሽቦው ስልሳ ዓመት ሊሆነው ይችላል፤ ሲነካ ፕላስቲኩ ይረግፋል።

አምስት ሽቦ ይበቃል፦ የግራ ፍሬቻ፣ የቀኝ ፍሬቻ፣ የፍሬን መብራት፣ የማታ መብራትና ማሳ (ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለሰው)። ማሳውን በሻሲው ላይ አትመኑት። ኤሌክትሪሽያኑ "ብረት አይደል እንዴ፣ ይበቃል" ይላችኋል። የዛገ ብረት አያስተላልፍም። ለማሳ ራሱን የቻለ ሽቦ እስከ ፒካፑ ይሂድ። ተሳቢ ላይ ፍሬቻው ሲበራ የፍሬን መብራቱም አብሮ የሚጫወት ከሆነ ዘጠና በመቶ ጥፋቱ ማሳው ነው።

ቀይ አንጸባራቂ ከኋላም ከጎንም ለጥፉ። አምፖል ይቃጠላል፣ አንጸባራቂ አይቃጠልም። ማታ በአዘዞ መንገድ ጋሪና ከብት ከመኪና እኩል ነው የሚሄደው።

ወለልና ቀለም

ወለሉን ባለ 3 ሚሊ ላሜራ ካለበሳችሁት ውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳ አትርሱ። ከታች ያለው ማገር ደህና ከሆነ የባሕር ዛፍ ጣውላም ይሆናል፤ እኔ ጣውላ ነው ያደረግሁት። ያገለገለ የሞተር ዘይት መቀባት የተለመደ ነው። ግን እህልና ነጭ ሽንኩርት የሚጭን ሰው ያንን ሽታ አይፈልገውም። የተልባ ዘይት ቀቡት። እየደረቀ እንጨቱን ይዘጋዋል። የቀባችሁበትን ጨርቅ ግን ጠቅልላችሁ ጥግ አትጣሉት። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፤ የተጠቀለለ ጨርቅ ራሱን በራሱ ሊያቀጣጥል ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት።

የድሮው የወታደር ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። በደረቁ አትፈግፍጉት፤ እያረጠባችሁ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ፣ ልጆችን አርቃችሁ። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ፣ ከዚያ አንቲረስት፣ ከዚያ የፈለጋችሁት ቀለም። ስቱኮ ላይ ገንዘብ አታውጡ፤ ተሳቢ ናት እንጂ የሙሽራ መኪና አይደለችም። አረንጓዴውን ግን ቀይሩት። በዚህ ዘመን የወታደር መልክ ያለው ነገር ይዞ ኬላ ላይ መድረስ ጥያቄ መጋበዝ ነው። የእኔ አሁን ግራጫ ናት። ቀለሙ የተገዛው በረከሰበት ቀን ነው።

ጭነት

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። 1 ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ነው። 1,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ፣ የፕላስቲኩ ሳይቆጠር 1 ቶን ነው። ኤም-101 የተሠራችው ለ680 ኪሎ ነው። ስለዚህ ለእሷ 500 ሊትር ሮቶ ነው ልኳ። ለትንሿ ኤም-416 ደግሞ 200 ሊትር በርሜል። "ብረቷ ወፍራም ነው፣ ትችላለች" የሚል ሰው ሁሌም አይጠፋም። ብረቷስ ትችል ይሆናል፤ ፍሬን የሌላት ተሳቢ ቁልቁለት ላይ ስትገፋችሁ ግን ፒካፓችሁ አይችልም።

ሮቶው ወይ ሙሉ ይሁን ወይ ባዶ። ግማሽ ውኃ በየኩርባው እየተናጠ ተሳቢዋን ይወዘውዛታል። ከመሐል ትንሽ ወደ ፊት አድርጋችሁ እሰሩት። ሚዛኑ ወደ ኋላ ካደላ ተሳቢዋ ፍጥነት ስትጨምሩ ግራና ቀኝ መዋኘት ትጀምራለች፤ ያን የጀመረች ተሳቢ በፍሬን አትቆምም፣ እግርን ከነዳጁ ላይ አንስቶ ቀስ እያሉ ማብረድ ነው። ከጠቅላላው ክብደት 10 በመቶ ያህሉ በመጎተቻው ቀለበት ላይ ማረፍ አለበት። የእኔ ከነውኃዋ 1,100 ኪሎ ገደማ ናት፣ ስለዚህ ቀለበቱ ላይ ወደ 110 ኪሎ እፈልጋለሁ።

ይህን እንዴት ትመዝናላችሁ? እህል መጋዘን ሂዱ። እኔ ተሳቢዋን ሞልቼ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ወዳሉ አንዲት ነጋዴ ሄድኩ። ባስኩላቸው ደጃፍ ላይ ነው።

"ምን ልትመዝን ነው፣ ልጄ?"

"የተሳቢዋን አፍንጫ፣ እትየ።"

"አፍንጫ ደግሞ ስንት ኩንታል ያወጣል?"

ጎማዎቿን በድንጋይ ደገፍኩ፣ ባስኩላው ላይ አጠር ያለ ግንድ አቆምኩ፣ ቀለበቱን ግንዱ ላይ አሳረፍኩ። ከፍታው ከፒካፑ ጋንቾ ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ዝቅ ወይም ከፍ ካለ ንባቡ ይዛባል። የግንዱን ክብደት ቀንሱ። 70 ኪሎ አለ። ሮቶውን አፍስሼ ወደ ፊት ገፋሁት፣ ድጋሚ ተሞላ፣ 105 መጣ። እዚያው ጣውላው ላይ በቀለም ምልክት አድርጌ ማሰሪያውን በየዳሁት። እትየ የመዘኑበትን አላስከፈሉኝም፤ የፈሰሰውን ውኃ ግን በጀሪካን ተቀብለዋል።

ጭድ ስትጭኑ ተቃራኒው ነው ችግሩ። ክብደት የለውም፣ ቁመት ግን አለው። የደምቢያ ሜዳ ላይ ነፋስ ከጎን ሲመታው ይጥለዋል። ከተሳቢዋ ጎን በላይ ብዙ አትከምሩ፣ ሸራ አልብሱና በመስቀል እሰሩ።

መጀመሪያ ስትወጡ

ባዶዋን ይዛችሁ ከአዘዞ ወደ ጠዳ ባለው ለጥ ያለ መንገድ ሞክሯት። ትንሽ ሄዳችሁ ቁሙና ሞዞዎቹን በእጃችሁ ዳስሱ። ለብ ካለ ደህና ነው። እጅ የማያስነካ ሙቀት ካለው ወይ ጠብቋል ወይ ግራሶ አንሶታል፤ ወደፊት ሳትቀጥሉ እዚያው አላሉት። የጎማ ዳዶዎችንም ድጋሚ አጥብቁ፤ ቀለም የተቀባ ቸርኬ ሲረግጥ ዳዶው ይላላል።

ከጭነት ጋር ቁልቁለት ስትወርዱ ማርሹን ከላይ ሳላችሁ ቀንሱ። የወጣችሁበት ማርሽ የምትወርዱበት ማርሽ ነው። ከወለቃ በላይ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ደርሶ መመለስ በልኩ ጭኖ ለሚነዳ ሰው ይቻላል። ሊማሊሞን ግን ፍሬን የሌላት ተሳቢ ሞልታችሁ አትውረዱ። ደባርቅ ላይ ጭነቱን ለአይሱዙ ስጡት፤ ኪራዩ ከፍሬን ሸራ ይረክሳል።

ክረምት ሲወጣ፣ ከመስከረም በኋላ፣ ሞዞዎቹን ከፍታችሁ ግራሶውን እዩት። ወተት የመሰለ ከሆነ ውኃ ገብቷል፤ ኦይል ሲሉ ይቀየር፣ ግራሶው ታጥቦ በአዲስ ይተካ። በጎርፍ ውስጥ ካለፋችሁ ክረምት እስኪወጣ አትጠብቁ።

ማታ ስታቆሟት የፊት እግሯ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርጉ፣ አለዚያ ጭቃው ይውጠዋል። ሰንሰለቱን በቀለበቱና በቸርኬው ቀዳዳ አሳልፋችሁ ቆልፉ። ሞዞዋ አዲስ የሆነ ተሳቢ ለሁለት ሰው እንኳ ቀላል ናት፤ ገፍተው ይዘዋት ይሄዳሉ።